የአንድ ደቂቃው ተንቀሳቃሽ ሥዕልና የጐንደር ነጋዴ

በጐንደር ከተማ ከፒያሳ አንሥቶ እስከ ቅዳሜ ገበያ ድረስ በተደረደሩት ሱቆች ውስጥ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት፣ ሻጩ በእጁ ይዞ የሚገኘው የሒሳብ መዝገቡን ሳይሆን የእጅ ስልኩን ነው። በዚያች መስተዋት ላይ አንዱ ይዘፍናል፤ ሁለተኛው ያፌዛል፤ ሦስተኛው ከዱባይ ያስመጣውን ጫማ ያሻሽጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን አልፎ አልፎ በስሜን ተራራ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ አንድ ዋልያ ብቅ ይልና፣ ጥቂት የአማርኛ ቃላት ከሥሩ ተጽፈው ይታያሉ፤ አንድ ደቂቃም ሳይሞላ ያልፋል። ብዙው ነጋዴ ይህን እንደ ልጆች ጨዋታ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ያን ሥዕል ያሰናዳው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት፣ ልክ እንደ ነጋዴው፣ ደንበኛ ፍለጋ የወጣ ነው። የሚሸጠው ሐሳብ ነው፤ የሚቀበለውም ዋጋ የሰው ዐይን ነው፤ ሐሳቡ ገዢ ካገኘ በኋላ ግን ውሎ አድሮ የሚነካው የነጋዴውን መደርደሪያና መጋዘን ነውና፣ የንግድ ሰው ነገሩን ጠጋ ብሎ ቢመረምረው የሚበጅ ይመስላል።

ቀድሞ የተፈጥሮ ጠበቆች ወደ ሕዝብ የሚደርሱበት መንገድ ጠባብ ነበር። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር «ዋልያ» በተባለ መጽሔት ዕውቀቱን ያካፍል ነበር፤ ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ የሚታተም መጽሔት የደባርቅን ጨው ቸርቻሪ ወይም የዳባትን ገብስ ነጋዴ ሊደርስ እንደማይችል ግልጽ ነው። ሬዲዮው ብዙ ሰው ይደርሳል፤ ዳሩ ግን ዋልያን ያላየ ሰው ዋልያን በጆሮው ሊወደው አይችልም። ቴሌቪዥኑም ዐይንንና ጆሮን ቢያጣምር የአየር ሰዓቱ ዋጋ ለማኅበር ኪስ የሚከብድ ሆኖ ቆየ።

ዛሬ ግን በቲክቶክ፣ በፌስቡክና በኢንስታግራም ሪልስ፣ በዩቲዩብም ሾርትስ አማካይነት አንድ ወጣት በአንድ ስልክ ያነሣው ሥዕል ያለ ማተሚያ ቤትና ያለ ማሰራጫ ጣቢያ አገር ለአገር ይዞራል። አሠራሩንም መረዳት አያዳግትም። ማሽኑ ሥዕሉን በመጀመሪያ ለጥቂት ሰዎች ያሳያል፤ እነዚያ ሰዎች እስከ መጨረሻው ቆይተው ካዩትና ለወዳጆቻቸው ከላኩት፣ ለብዙ ሰዎች ያሳየዋል፤ ገና ሲጀምር ጣታቸውን አሻግረው ካለፉት ግን በዚያው ይቀብረዋል። ስለዚህ የባለቤቱ ዝና ወይም የድርጅቱ ማዕርግ ያን ያህል አይረዳም። ታላቅ ስም ያለው ድርጅት የሚያወጣው አሰልቺ ሥዕል በመቶ ሰዎች ፊት ሲሞት፣ አንድ የበቅሎ አከራይ ያነሣው የጭላዳ መንጋ በመቶ ሺህ ሰዎች ፊት ሊውል ይችላል። ሥራውን የሚወስኑት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወይም አራት ሰኮንዶች ናቸው።

በቴሌግራም ለየቃሉ ሒሳብ ይከፈል በነበረበት ዘመን የነጋዴ ጸሐፊዎች የነበራቸው ብልኀት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። «ሰሊጡ ደርሷል፣ ገንዘቡን ላክ» ለማለት ሰላምታውም፣ የቤተሰብ ጤንነት ጥያቄውም ተቈርጦ ይቀር ነበር። የቀረው ቃል ግን አንድ ሥራ ያዝዝ ነበር። ከተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶችም ውስጥ የሚሳካላቸው ይህን የተረዱት ናቸው፤ አንድ ሥዕል፣ አንድ ነገር፣ አንድ ልመና። ለምሳሌ የስሜን ቀይ ቀበሮን ከሚያሰጉት ነገሮች አንዱ ከገበሬው ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህን በሃያ ገጽ ማተት ይቻላል። ነገር ግን አንድ ገበሬ ውሻውን በጕልበቱ መካከል ይዞ ሲያስከትብ፣ ከዚያም ቀበሮዋ ከግልገሎቿ ጋር ስትታይ፣ «ውሻህን አስከትብ» የሚለው ሦስተኛ ቃል ሳይጨመርበት ይገባል።

ይህ ሁሉ የአራዊት ወዳጆች ጉዳይ ነው፣ ለንግድ ምን አገባው? የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በመጋቢት 2002 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ይበቃዋል። በዚያ ወር ግሪንፒስ የተባለው ድርጅት አንድ ደቂቃ ያህል የምትሆን ተንቀሳቃሽ ሥዕል በዩቲዩብ አወጣ። በሥዕሏ ላይ አንድ የቢሮ ሠራተኛ የእረፍት ሰዓቱ ደርሶ ኪት ካት የተባለውን ቸኰላት ሲፈታ፣ በወረቀቱ ውስጥ የሚገኘው የኦራንጉታን ጣት ነው፤ ሠራተኛውም ሳያስተውል ይነክሰዋል። ነገሩ የሚያስጸይፍ ነው፤ እንዲያስጸይፍም ታስቦ የተሠራ ነው። ትርጕሙም ለቸኰላቱ የሚገዛው የዘንባባ ዘይት ከኢንዶኔዥያ የሚመጣው የኦራንጉታን መኖሪያ የሆነው ደን እየተመነጠረ ነው የሚል ነበር። የቸኰላቱ ባለቤት የሆነው ኔስሌ ኩባንያ ሥዕሏ ከዩቲዩብ እንድትነሣ ጠየቀ። ይህ ነው ትልቁ ስሕተት። አንዷ ስትነሣ ብዙዎች ቅጂዎቿን እየጫኑ አባዟት፤ የኩባንያው የፌስቡክ ገጽም በተቈጣ ሕዝብ ተጥለቀለቀ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ኩባንያው ከደን ጭፍጨፋ ጋር የተያያዙ አቅራቢዎችን ከግዥው እንደሚያስወጣ አስታወቀ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በነገሩ የተጐዳው በስዊትዘርላንድ የሚገኘው ትልቁ ኩባንያ ብቻ አለመሆኑ ነው። ኩባንያው ስሙን ለማዳን ውሉን ሲያቋርጥ ገበያውን ያጣው በሌላኛው የዓለም ዳርቻ የሚገኘው አቅራቢ ነበር። የጐንደር ላኪም በዓለም ገበያ ውስጥ ያለው ቦታ የኔስሌ ቦታ ሳይሆን የአቅራቢው ቦታ ነው።

አሁን ከመተማና ከቋራ ወደሚመጣው ዕጣን እንምጣ ቢባል ነገሩ ወደ ቤት ይቀርባል። የዕጣኑ ዛፍ በቈላው ደረቅ ጫካ የሚበቅል፣ ቅርፊቱ ተፍቆ ሙጫውን የሚሰጥ ነው። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. «ኔቸር ሰስቴነቢሊቲ» በተባለ መጽሔት የታተመ የብዙ ሊቃውንት ጥናት፣ ትልልቆቹ ዛፎች እያረጁ ሲሞቱ የሚተካቸው ቡቃያ ከብት፣ እሳትና ከልክ ያለፈ ፍቆሽ ስለሚያጠፋው ሊያድግ አለመቻሉን ገልጾ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ የዕጣኑ ምርት በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ተንብዮአል። በዚህ ላይ ያው ጫካ ለሰሊጥና ለማሽላ እርሻ ይመነጠራል። ይህን ለላኪዎች የሚነግራቸው አያስፈልግም፤ ዛፉ እየራቀ መሄዱን ከጭነት ኪራዩ ያውቁታል። ነገር ግን በሮማ ወይም በአቴና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዕጣን ሲጤስ አሳይቶ፣ ወዲያው ተፍቆ ተፍቆ የደረቀውን የመተማ ዛፍ የሚያሳይ የአርባ ሰኮንድ ሥዕል ቢወጣ ምን ይሆናል? ገዢው ለላኪው የሚጽፈው ደብዳቤ የኔስሌን ዐይነት ይሆናል። ሥዕሉን የሚያነሣው ሰው ግን ዛፉን በወጉ አሳርፎ፣ የፍቆሹን ቍጥር ወስኖ የሚያስፈቅደውን ደኅናውን ማኅበር ከመጥፎው ለይቶ ለማሳየት አርባ ሰኮንድ አይበቃውም፤ ግድም ላይኖረው ይችላል።

ሕግም ከሥዕሉ ኋላ ይከተላል። የኤውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ ቡናን፣ ካካዎን፣ እንጨትን፣ ጎማን፣ አኩሪ አተርን፣ የዘንባባ ዘይትንና የቀንድ ከብትን ከነቆዳው የሚመለከት ሲሆን፣ ዕቃው ከታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት ያልመጣ መሆኑን አስመጪው እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ቢራዘምም ደንቡ አልተሻረም። ሰሊጥና ዕጣን በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ዝርዝር ግን ይጨመርበታል እንጂ ተቈልፎ አይቀመጥም።

ለባለሱቁ ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አለ፤ እርሱም ፌስታል ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን የፕላስቲክ ከረጢት ከልክሎ ሳለ፣ ከረጢቱ ግን ከገበያ ሳይወጣ ዓመታት አለፉ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ የፕላስቲክ ከረጢትን ጭራሹን የሚከለክል ሆነ። በሁለቱ አዋጆች መካከል የሰው አስተያየት ተለውጧል፤ በላም ሆድ ውስጥ የተገኘ የፌስታል ክምር፣ በጎርፍ ተገፍቶ ቦይ የደፈነ ቆሻሻ፣ በየሰው ስልክ ላይ ስንት ጊዜ ታይቷል! ይህን ሲያይ የነበረ ባለሱቅ ዘንቢሉንና የወረቀት ከረጢቱን ቀደም ብሎ ማስመጣት ይችል ነበር። ያላየው ግን አዋጁ ሲወጣ ሙሉ ካርቶን ፌስታል ታቅፎ ቀረ።

እንግዲህ ወደ ስሜን እንመለስ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቁሞ፣ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ሆኖ የገባ ነው። ዋልያው ቍጥሩ ስለ መነመነና መሬቱም በእርሻና በግጦሽ ስለ ተጣበበ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ከሚገኙት ቅርሶች ጋር ተመድቦ፣ ከ20 ዓመታት በላይ ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጣ። ዋልያ በዓለም ላይ ከዚህ በቀር ሌላ መኖሪያ የለውም። ስሙ ግን ሰፊ ነው፤ ብሔራዊው የእግር ኳስ ቡድን ይጠራበታል፤ ቢራም ተጠምቆበታል። ሆቴሉም፣ ሱቁም፣ የጭነት መኪናውም ዋልያ ይባላል። ለዚህ ሁሉ የንግድ ምልክት ዋልያው የተቀበለው ኪራይ የለም።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ እሳት ሲነሣ የሥዕል ኀይል በግልጥ ታየ። ሣሩና ውጨናው ሲነድ የሚያሳዩት ሥዕሎች ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፉ፤ የአካባቢው ሕዝብ ቅጠልና አካፋ ይዞ ወጣ፤ መንግሥትም እርዳታ ጠይቆ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት ማጥፊያ ባለሙያዎች መጡ። በዚያ ጊዜ ሥዕሉን ያሰራጨው ብዙው የትልልቅ ድርጅቶች ካሜራ ሳይሆን የተራው ሰው ስልክ ነበር። ድርጅቶቹ ከዚህ የተማሩት ነገር ቢኖር፣ ከሩቅ የሚመጣ ፊልም አንሺ እስኪደርስ እሳቱ ራሱ ጠፍቶ እንደሚያድር ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ግን ከባድ ሆኑ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የጐብኚውን መንገድ ዘጋው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆዩ፤ እነርሱ ሲከፈቱ ብዙም ሳይቆይ በክልሉ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቀረ። ስለ ስሜን የሚነገረው ነገር ሁሉ በዚያ ጊዜ ከውጭ ይነገር ነበር፤ የደባርቅ ሰው ስለ ራሱ ተራራ የሚባለውን ለመስማት እንኳ አልቻለም። በደባርቅ በማኅበር የተደራጁት አስጐብኚዎች፣ የበቅሎ አከራዮች፣ ጠባቂዎችና አብሳዮች ገቢያቸው ሲደርቅ፣ ለእነርሱ ጤፍና ዘይት በዱቤ የሰጠው ባለሱቅም አብሮ ደረቀ። ከጐንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ተራራ ከጐንደር ገበያ ምን ያህል የተሳሰረ እንደ ሆነ ያኔ ታወቀ።

ስለዚህ አጭሩ ሥዕል በዚህ ምድር ላይ ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው ጐብኚው በማይመጣበት ዘመን ተራራው እንዳይረሳ ማድረግ ነው። ሁለተኛውና የሚከብደው ግን የታየው ነገር እውነት እንዲሆን ማድረግ ነው፤ በዚህ ረገድ በድርጅቶቹ ላይ የሚነሣ ነቀፋ አለ።

ጭላዳ ለሥዕል የተፈጠረ ይመስላል። ደረቱ ቀይ ነው፤ ጠጕሩ እንደ አንበሳ ጋማ ይነሰነሳል፤ ከሰው አይሸሽም። በሳንቃ በር ወይም በጨነቅ ሜዳ ላይ በመንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ያየ ሁሉ ስልኩን ያወጣል። ከዚያም ጐብኚው ተጠግቶ፣ ምግብ ወርውሮ፣ በመካከላቸው ተቀምጦ የራሱን ሥዕል ያነሣል። ይህን የሚያሳይ ሥዕል ብዙ ተመልካች ያገኛል፤ ተመልካቹም በተራው ሲመጣ ያንኑ ያደርጋል። በእስያ የደረሰው ነገር ማስጠንቀቂያ ይሆናል። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ሎሪስ የምትባል ትንሽ የሌሊት አውሬ ብብቷ ሲኰረኰር እጇን ወደ ላይ ስታነሣ የሚያሳይ ሥዕል ወጥቶ በሚሊዮን የሚቈጠር ሰው አየው፤ ብዙ ሰዎችም ለእኔም ትገዛልኝ አሉ። እጇን የምታነሣው ግን በክርኗ አጠገብ የሚገኘውን መርዝ ለመከላከያ ለማሰናዳት እንጂ ደስ ብሏት አልነበረም። ከስድስት ዓመት በኋላ አንድ የአራዊት አዳኝ ድርጅት ኵርኰራው ሥቃይ መሆኑን ለማስረዳት ሌላ ዘመቻ መክፈት ግድ ሆነበት። በክፉ ያማረ ሥዕል የሚያጠፋውን ለማረም ስንት ደኅና ሥዕል እንደሚያስፈልግ ከዚህ ይታያል።

ሁለተኛው ነቀፋ ደግሞ የሚያምረውን ቀን ብቻ ማንሣት ነው። በጣና ሐይቅ ላይ እምቦጭ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. ከታየ ጀምሮ በደንቢያ፣ በጐንደር ዙሪያና በፎገራ ዳርቻዎች የገበሬውን ማሳና የዓሣ አጥማጁን መረብ ይዞ ቆይቷል። ሕዝቡ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲነቅል የሚያሳዩት ሥዕሎች ልብ የሚነኩ ነበሩ፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ይህን አይተው ገንዘብ አዋጡ፤ የማጨጃ መሣሪያም ተገዝቶ መጣ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ታላቅ ዘመቻ ተደረገ። ይህ ሁሉ የሥዕሉ ትሩፋት ነው፣ አይካድም። ነገር ግን የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቈያል፤ ክረምት ሲመጣ እንደ ገና ይበቅላል፤ ያን ጊዜ ከዳር ቆሞ የሚያነሣው ካሜራ አይገኝም። ዘመቻው ሥዕል አለው፤ ጥበቃው ሥዕል የለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ ዓለም ሁሉ የተከላውን ሥዕል አይቷል። ያው ጕድጓድ ከሦስት ዓመት በኋላ ምን እንደ ያዘ የሚያሳይ ሥዕል ግን ጥቂት ነው። ነጋዴ ዕቃ መግባቱን ብቻ መዝግቦ ዓመታዊ ቈጠራ የማያደርግ ቢሆን ማን ያምነዋል?

ተመልካችን እንደ ገዢ መቍጠርም ሌላው ስሕተት ነው። በመስኮት በኩል ቆሞ ጋቢውን አይቶ ያለፈ ሰው ሁሉ ገዛ ተብሎ አይመዘገብም። ድርጅቶች ግን ለረጂዎቻቸው በሚያቀርቡት ዘገባ «ይህን ያህል ሺህ ሰው አየው» ብለው ሲጽፉ ይታያል። አየው፤ ከዚያስ? በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ሚስተር ቢስት የተባለው አሜሪካዊ ወጣትና ጓደኞቹ በዩቲዩብ የከፈቱት ዘመቻ ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ቃል መለሰው። አንድ ዶላር አንድ ዛፍ አሉ። የሚተክለው ማን እንደ ሆነ ተናገሩ፤ የሚፈለገውንም ቍጥር 20 ሚሊዮን አሉ፤ ዓመቱ ከማለቁ በፊትም ሞላ። በዚህ ውስጥ የሚያስደንቀው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ተመልካቹ ዋጋውን፣ የሚገዛውን ዕቃና ዕቃውን የሚያስረክበውን ሰው ዐውቆ መክፈሉ ነው። ይህ ሱቅ የመክፈት ያህል ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ሠራ አሥር ብር እንኳ ከስልክ ወደ ስልክ ማስተላለፍ ቀላል ሆኗል፤ የቀረው «በአሥር ብር ይህ ይሠራል» የሚለው ቃልና ከሠሩ በኋላ ተመልሶ ማሳየት ነው።

በስሜን ሥዕሎች ላይ የሚጐድል ሌላ ነገርም አለ፤ ሰው። በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ እምብርት ከግጭ መንደር ተነሥተው ወደ ደባርቅ የተዛወሩት ቤተሰቦች ከእርሻና ከበግ እርባታ ወደ ከተማ ኑሮ ገቡ። ዋልያው ግጦሹን አገኘ፤ ቅርሱም ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ከእነዚያ ቤተሰቦች አንዱ ዛሬ በደባርቅ ምን ነግዶ እንደሚያድር የሚናገርበት አንድ ደቂቃ ግን በዋልያው ሥዕል አጠገብ ሲቆም አይታይም። ፓርኩ የሚጠበቀው በዘበኛ ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን ዳር ላይ በሚኖረው ገበሬ ፈቃድ ስለ ሆነ፣ ገበሬው በራሱ አንደበት የሚናገርበት ሥዕል ለዋልያውም ይጠቅመዋል። ቋንቋውም የደጋው ሰው አማርኛ ይሁን። ከአዲስ አበባ ተጽፎ የሚመጣው «ሥነ ምኅዳር» እና «ብዝኀ ሕይወት» የሚሉት ቃላት ትክክል ቢሆኑም፣ የጃናሞራ እረኛ «ሣሩ አለቀ» ሲል የበለጠ ተናግሯል። ጐንደር የአዝማሪ አገር ናት፤ በሁለት ስንኝ ንጉሥን የሚወቅስ ሕዝብ አጭር ነገር መናገርን ከፈረንጅ የሚማርበት ምክንያት የለም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ማንም ሥዕል የማያነሣለት አንድ ነገር በከተማይቱ አፍንጫ ሥር አለ፤ የአንገረብ ግድብ። ለጐንደር የመጠጥ ውሃ የተሠራው ይህ ግድብ ከላይ ከተራቈተው ተዳፋት በየክረምቱ በሚወርደው ደለል እየተሞላ፣ የሚይዘው ውሃ ቀንሷል። ደለል አያምርም። ቀይ ደረት የለውም፤ ቀንድም የለውም። ባለሆቴሉ ውሃ በቦቴ ሲያስገዛ፣ ባለሱቁ ከሸቀጡ ይልቅ ሮቶና ጀሪካን በብዛት ሲሸጥ፣ ይህ ከተዳፋቱ ዛፍ ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚነግረው ሥዕል አላየም። የዋልያውን ሥዕል ለማሰናዳት ከውጭ ገንዘብ የሚያገኝ ድርጅት ይኖራል፤ የአንገረብን ሥዕል ግን የሚከፍልበት የጐንደር ነጋዴ ካልሆነ ሌላ የሚመጣ አይመስልም።

በዚህ ረገድ የንግድ ምክር ቤቱ አባሎች ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ደኅና ስልክ፣ አንድ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ሥራ ያጣ አንድ የደባርቅ አስጐብኚና ከዩኒቨርሲቲው የወጣ አንድ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ተገናኝተው፣ ከአንገረብ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ አንድ ቦታ ላይ ድንጋይ ምልክት አድርገው፣ በየወሩ ከዚያው ድንጋይ ላይ ያንኑ ሥዕል ቢያነሡ፣ በዓመቱ መጨረሻ 12 ሥዕሎች ይገኛሉ። እነዚህ ተያይዘው አንድ ደቂቃ አይሞሉም። አፈሩ ሲወርድ ወይም እርከኑ ሲይዘው ግን ልጅም ሽማግሌም ያየዋል። የዕጣን ላኪዎችም እንዲሁ፣ ሌላው መጥቶ የደረቀውን ዛፍ ከማንሣቱ በፊት፣ ለጥቂት ዓመት ያሳረፉትን ዛፍና ለከብት የተከለለውን ቡቃያ ራሳቸው ቢያሳዩ ይሻላል። ያሳረፉት ዛፍ ከሌለ ግን የሚያነሡት ሥዕል ስለማይኖር፣ ዛፉን ማሳረፉ ይቅደም። ሥዕል ላይ ብቻ አረንጓዴ የሆነ ላኪ ከአንድ ገዢ ጉብኝት በላይ አይዘልቅም።

ከተፈጥሮ ድርጅቶችም ጋር መተባበር የሚፈልግ ነጋዴ የሚጠይቃቸው ነገር አለ። ለሥዕሉ ገንዘብ ሲጠይቁ፣ ከሥዕሉ በኋላ ስንት ውሻ እንደ ተከተበ፣ ስንት ችግኝ በሁለተኛው ዓመት በሕይወት እንደ ተገኘ፣ ስንት ገበሬ እንደ ተጠቀመ የሚገልጥ ሁለተኛ ሥዕል ለማውጣት በጽሑፍ ይስማሙ። የማይስማማ ድርጅት ገንዘቡን ከሌላ ይፈልግ።

ክረምቱ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ስለሚጠነክር፣ በአንገረብ ላይ የሚደረገው ድንጋይ ከዚያ በፊት መቀመጥ አለበት፤ የመጀመሪያው ሥዕል የሚነሣው አፈሩ ገና በቦታው ሳለ ነው።